የነርሶች የኮምፒውተር ክህሎትና የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አኳያ

መግቢያ

የታካሚ መረጃ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲሸጋገር አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለመሣሪያው ግዢ፣ ለኔትወርኩ ዝርጋታና ለሶፍትዌሩ ምርጫ ነው። ሆኖም በጤና ተቋም ውስጥ ቀንና ሌሊት ከታካሚው አጠገብ የሚገኙትና ብዙውን መረጃ የሚመዘግቡት ነርሶች ናቸው። የሙቀት፣ የደም ግፊትና የትንፋሽ ልኬት፣ የተሰጠ መድኃኒትና የተሰጠበት ሰዓት፣ የገባና የወጣ ፈሳሽ መጠን የሚጻፉት በእነርሱ እጅ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ታማኝነት ከሁሉ አስቀድሞ በነርሶች ክህሎት ላይ የተመሠረተ ነው።

የነርሶች የኮምፒውተር ክህሎት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት፣ ማውስ መያዝና ፈጥኖ መተየብ ነው። እነዚህ አስፈላጊ ቢሆኑም በቂ አይደሉም። በዝግታ የምትተይብ ነርስ ሥራዋ ይዘገይባታል፤ ትክክለኛውን ልኬት በሌላ ሰው ስም ወይም በሌላ ሰዓት የምትመዘግብ ነርስ ግን ሳታውቀው ታካሚውን ለጉዳት ልትዳርግ ትችላለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥልጠናው ከማሽኑ ይልቅ በዚህ አደጋ ላይ ለምን ሊያተኩር እንደሚገባ ማስረዳትና እንዴት ሊከናወን እንደሚችል ማመልከት ነው። ለምሳሌነት የተወሰዱት በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ናቸው።

ከፎልደር ወደ ኮምፒውተር

ለኢትዮጵያ ነርሶች የኤሌክትሮኒክ መዝገብ መሠረተ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የጤና መረጃ ሥርዓቱ ሲሻሻል የተያዘው ዓላማ አንድ ታካሚ በአንድ ተቋም ውስጥ አንድ ቁጥርና አንድ ፎልደር እንዲኖረው ነበር። ቁጥሩን የረሳ ታካሚ በስሙ የሚፈለግበት የማውጫ ካርድም በካርድ ክፍል ተደራጀ። ቀጥሎ በዛምቢያ የተጀመረው ስማርትኬር የተባለ ሶፍትዌር በቱሌን ዩኒቨርሲቲ እገዛ ለኢትዮጵያ ተስማምቶ በተለይ በፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ክፍሎች ሥራ ላይ ዋለ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም ‹‹የመረጃ አብዮት››ን ከአራቱ ዋና ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ያዘ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለወርኃዊ ሪፖርት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 አገልግሎት ላይ ውሏል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በዋናነት ድምርን የሚያስተላልፍ ሥርዓት ነው፤ በወሩ ውስጥ ስንት እናቶች እንደ ወለዱና ስንት ሕፃናት እንደ ተከተቡ ይናገራል። የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ የሚናገረው ግን ስለ አንዲት እናት ወይም ስለ አንድ ሕፃን ነው። በድምር ላይ የተፈጸመ ስህተት ሪፖርትን ያዛባል፤ በአንድ ሰው መዝገብ ላይ የተፈጸመ ስህተት ግን በቀጥታ ወደዚያ ሰው አካል ይደርሳል። ስለዚህ ሪፖርት ማስገባት የለመደ ባለሙያ ለኤሌክትሮኒክ መዝገብም ብቁ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

የሦስቱ ከተሞች ሁኔታ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ቀድሞ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር የነበሩ ሲሆን በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ተካተዋል። ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ በአንዱ ከተማ አድረው በሌላው የሚውሉ ናቸው። አንዲት እናት የእርግዝና ክትትሏን በሱሉልታ ጤና ጣቢያ ጀምራ፣ ለአልትራሳውንድ አዲስ አበባ ወርዳ፣ ምጥ ሲጠናባት በሪፈር ወደ ሌላ ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች። ከቡራዩ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከሰበታ ወደ አለርት የሚላክ ታካሚም እንዲሁ ከአንድ የአስተዳደር ክልል ወደ ሌላው፣ ከአንድ የሥራ ቋንቋም ወደ ሌላው ይሻገራል።

በመሆኑም በእነዚህ ከተሞች የሚጻፍ መዝገብ ጻፊዋን በማያውቅ ሌላ ባለሙያ እጅ ሊነበብ የሚችል ነው። በወረቀት ዘመን አንባቢው አጠራጣሪ የእጅ ጽሑፍ ሲገጥመው ቆም ብሎ ይጠይቅ ነበር። በኮምፒውተር የተጻፈ ስህተት ግን ጥርት ብሎ ስለሚነበብ ጥርጣሬ አያጭርም።

የስም ጉዳይ

መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር ስም ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በአማርኛ በ‹ፀ›ም በ‹ጸ›ም፣ በ‹ሐ›ም በ‹ሀ›ም ሊጻፍ ይችላል፤ ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ስሞች ናቸው። በአፋን ኦሮሞ ስሞች ላይ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በ‹ሲ› ጀምሮ ሁለት ‹ኤ› ያስከትላል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ደግሞ ‹ሲ› እና ‹ኤች› ይጣመሩና አናባቢው አንድ ብቻ ይሆናል። ጥላሁን በቁቤ ከጻፉት በ‹ኤክስ›፣ በእንግሊዝኛ ልማድ ከጻፉት በ‹ቲ› ይጀምራል። ሶፍትዌሩ የድምፅ ተመሳሳይነትን እንዲያገናዝብ ካልተዘጋጀ በስተቀር በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበ ሰው በሌላው አጻጻፍ ሲፈለግ አይገኝም።

የሚፈለገው ስም ካልተገኘ ቀላሉ ነገር አዲስ መዝገብ መክፈት ነው፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የፔኒሲሊን አለርጂ በአንደኛው መዝገብ ላይ ይቀርና መድኃኒቱ የሚታዘዘው በሁለተኛው ላይ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ የአያት ስም ሳይጠየቅ ስሙና የአባቱ ስም የሚመሳሰል የሌላ ሰው መዝገብ ከተከፈተ የአንዱ ሕመም ለሌላው ይጻፋል። ስለዚህ ነርሷ አዲስ መዝገብ ከመክፈቷ በፊት በቁጥር፣ ቀጥሎ በስም ልዩ ልዩ አጻጻፎች፣ ከዚያም በስልክ ቁጥር፣ በዕድሜና በቀበሌ መፈለግን ልማድ ማድረግ አለባት። ማንነቱንም ‹‹አንተ እገሌ ነህ?›› ብላ ሳይሆን ‹‹ስምህ ማን ይባላል?›› ብላ ከራሱ አንደበት ማረጋገጥ ይገባታል። የተጨነቀ ወይም በደንብ የማይሰማ ሰው ለመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹አዎን›› ሊል ይችላልና።

የቀንና የሰዓት ጉዳይ

ሁለተኛው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዓመቱ ሳይለወጥ ከገባ ኮምፒውተሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በዕድሜ የሚወሰን የመድኃኒት መጠንና የክትባት ቀጠሮም በዚያው ይዛባል። ሥርዓቱ አንዳንዱን ስህተት ራሱ ይከላከላል፤ ለምሳሌ ‹‹የካቲት 30››ን እንደ ፌብሩዋሪ 30 አይቀበልም። አብዛኛውን ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀበላል። ስለሆነም ነርሷ የትውልድ ቀን ካስገባች በኋላ በማያ ገጹ ላይ የሚወጣውን ዕድሜ አንብባ ከፊቷ ካለው ሕፃን ጋር ማመሳከር አለባት። የሰባት ወር ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ እያለ ኮምፒውተሩ ‹‹8 ዓመት›› ካለ የተሳሳተው የትኛው እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የሰዓት ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በዓለም አቀፉ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። በየስድስት ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት ይህ ልዩነት በትክክል የአንድ ጊዜ መጠን ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አምፒሲሊን የሰጠች ነርስ ‹‹8:00›› ብላ ብታስገባ ኮምፒውተሩ የሚረዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ተረኛዋ ስትገባ የቀኑ መጠን ያልተሰጠ መስሎ ይታያታል፤ ስለዚህም ደግማ ትሰጣለች።

በሪፈር ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ የተያዘች እናት በጤና ጣቢያ የማግኒዥየም ሰልፌት የመነሻ መጠን ተሰጥቷት ትላካለች እንበል። ከቀኑ 8:30 የተሰጠው መድኃኒት በመላኪያው ላይ ‹‹8:30›› ተብሎ ብቻ ቢጻፍና ተቀባዩ ክፍል ከጠዋቱ 2:30 እንደ ተሰጠ ቢረዳው፣ በየአራት ሰዓቱ የሚሰጠው የማስቀጠያ መጠን ጊዜው ያለፈበት ይመስላል። የጉልበት ሪፍሌክስ፣ የትንፋሽና የሽንት መጠን ምርመራ እናቲቱን የሚጠብቅ አጥር ነው፤ የተሳሳተ መዝገብ ግን ያንን አጥር የሚያፈርስ ጥድፊያ ይፈጥራል። እንግዲህ እያንዳንዱ ተቋም በአንድ አቆጣጠር ብቻ እንዲጽፍ መወሰን፣ ውሳኔውንም በየኮምፒውተሩ አጠገብ መለጠፍ፣ በሪፈር ወረቀት ላይ ደግሞ ከሰዓቱ ጋር ‹‹ጠዋት››፣ ‹‹ከቀኑ›› ወይም ‹‹ከሌሊቱ›› የሚለውን መጨመር ሕይወት አድን ተግባር ነው።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

የዝግጅት ጉድለት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በአሜሪካ የታየ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 የኮምፒውተር የሕክምና ትእዛዝ ሥርዓት በስድስት ቀን ውስጥ በመላው ሆስፒታል ተጀመረ። ከሌሎች ተቋማት ተዘዋውረው በመጡ 1,942 ሕፃናት ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 13 ወራት 2.80 በመቶ የነበረው የሞት መጠን ከጀመረ በኋላ በነበሩት 5 ወራት 6.57 በመቶ ሆነ። ጥናቱ መንስኤውን ለብቻው የሚያረጋግጥ ባይሆንም ተመራማሪዎቹ ያመለከቷቸው ምክንያቶች ለነርሶች የሚያስተምሩ ናቸው። ቀድሞ ሕፃኑ በመንገድ ላይ እያለ ሕክምናው ይዘጋጅ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ግን ሕፃኑ ደርሶ ሳይመዘገብ ትእዛዝ ማስገባት አልተቻለም። ከአልጋው አጠገብ መሆን የነበረባቸው ባለሙያዎችም በኮምፒውተር ፊት ጊዜ አጠፉ።

በሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ግን የዚያው ዓይነት ሥርዓት ሲጀመር በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሞት መጠን እንዳልጨመረ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አመልክቷል። በዚያ ለተደጋጋሚ ሕመሞች የሚያገለግሉ የትእዛዝ ስብስቦች አስቀድመው ተዘጋጅተው፣ የክፍሉ ባለሙያዎችም በዝግጅቱ ተሳትፈው ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ውጤቱን የሚወስነው ማሽኑ ብቻ ሳይሆን የሥራው አደረጃጀትና የባለሙያው ዝግጁነት መሆኑን ነው። ታካሚን ወደ ሌላ ተቋም ለሚልኩና ለሚቀበሉ ከተሞች ምሳሌው በተለይ ይስማማል፤ የተጎዱት ተዘዋውረው የመጡ ሕፃናት ነበሩና።

የኮምፒውተር ልምድ ማነስ የማይታለፍ መሰናክል እንዳልሆነም የአፍሪካ ተሞክሮ ያሳያል። በማላዊ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋው ባኦባብ የተባለ ሥርዓት ልምድ የሌላቸው ነርሶች በጣት በሚነካ ማያ ገጽ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ እየመለሱ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር የተዘጋጀው። በኬንያም በዚያው ዓመት በሞሶሪዮት የገጠር ጤና ጣቢያ የተጀመረው የኮምፒውተር መዝገብ ከጊዜ በኋላ በብዙ አገሮች ለሚሠራበት ኦፕን ኤም.አር.ኤስ. ለተባለው ሶፍትዌር መነሻ ሆኗል።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ?

በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ነርስ ደረጃ መታወቅ አለበት። ‹‹ኮምፒውተር ትችያለሽ?›› ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስረዳም፤ አንዱ በትሕትና ‹‹አልችልም›› ይላል፣ ሌላው በኀፍረት ‹‹እችላለሁ›› ይላል። የተሻለው ዘዴ አንድ ተግባር ሰጥቶ መመልከት ነው፤ ለምሳሌ አንድን የፈጠራ ታካሚ ፈልጎ ማግኘት፣ የደም ግፊቱን ማስገባትና የተሳሳተ ልኬት ማረም።

ሁለተኛ፣ ልምምዱ ከክፍሉ ሥራ የተወሰደ መሆን ይኖርበታል። ነርሶች ትየባን የሚለማመዱት በማይጠቀሙበት ጽሑፍ ሳይሆን በየቀኑ በሚያዝዟቸውና በሚሰጧቸው መድኃኒቶች ስም፣ በቁቤና በአማርኛ በሚጻፉ ስሞች፣ በክብደትና በመጠን አሃዶች ሊሆን ይገባል። ሴፍትሪአክሶንና ሴፎታክሲም በዝርዝር ውስጥ ተከታትለው ሲመጡ ጣት እንዴት እንደሚስት፣ 0.5 እና 5 እንዴት እንደሚምታቱ፣ የልደት ክብደት በግራም ወይስ በኪሎ ግራም እንደሚጠየቅ በሥልጠናው ላይ በተግባር መታየት አለበት። ለዚህም በእውነተኛ ታካሚ ስም ሳይሆን በፈጠራ ታካሚዎች መዝገብ መለማመድ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥልጠና በአንድ ጊዜ ስብሰባ የሚያበቃ መሆን የለበትም። በትንንሽ ቡድን ለአጭር ሰዓት እየተሰጠ፣ በተማሩት ማግስት ሥራ ላይ ሲውል ይጸናል። በየክፍሉ ፈጥና የተረዳች አንዲት ነርስ ለባልደረቦቿ ደጋፊ ሆና ብትመደብ መልካም ነው፤ ለዚህ ሥራዋ ግን ጊዜ ሊሰጣት ይገባል። ድጋፉ የሌሊት ተረኞችንም መድረስ አለበት፤ ሌሊት የሚጠየቅ ሰው አይገኝምና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተጨማሪ ሠራተኛ መመደብ ቅንጦት ሳይሆን የታካሚ ደኅንነት ጥያቄ መሆኑን የፒትስበርግ ምሳሌ አሳይቷል።

አራተኛ፣ በወረቀትና በኮምፒውተር በአንድነት መመዝገብ ማብቂያ ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። ሁለቱን እንዲሠሩ የተገደዱ ነርሶች በኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፉት በሥራ ማብቂያ ሰዓት ከወረቀቱ እየገለበጡ ይሆናል። በዚያን ጊዜ መዝገቡ የድካም ውጤት እንጂ የሕክምና መሣሪያ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ውጤቱ መለካት አለበት። ጤና ጣቢያዎች የወርኃዊ ሪፖርትን ጥራት በኤል.ኪው.ኤ.ኤስ. ዘዴ ጥቂት ናሙና ወስዶ ከሬጅስተሩ ጋር ማመሳከርን ያውቁታል። በዚሁ መንገድ በየሳምንቱ ጥቂት መዝገቦችን አውጥቶ የመድኃኒት አሰጣጥ ሰዓቱ የተሟላ መሆኑን፣ ለአንድ ሰው ሁለት መዝገብ አለመከፈቱን፣ ዕድሜውም ትክክል መሆኑን መፈተሽ ይቻላል። የሠለጠኑ ሰዎችን ቁጥር ብቻ መዘገብ ግን ስለ ታካሚው ምንም አይናገርም።

መብራት ሲጠፋ

የኤሌክትሪክና የኔትወርክ መቋረጥ በሥልጠናው ውስጥ እንደ ልዩ ክስተት ሳይሆን እንደ መደበኛ ሥራ መካተት አለበት። በየክፍሉ ቁጥር የተሰጣቸው የወረቀት ቅጾች በተወሰነ ቦታ ይቀመጡ፤ ማን እንደሚያወጣቸውና ማን መልሶ እንደሚያስገባቸውም ይታወቅ። መብራት ሲመለስ ነርሷ አገልግሎቱ የተሰጠበትን ሰዓትና መረጃው የገባበትን ሰዓት ለይታ መጻፍ አለባት። ኮምፒውተሩ የራሱን ሰዓት እንዲይዝ ከተተወ ከጠዋት ጀምሮ የተወሰዱ ልኬቶች ሁሉ በአንድ ደቂቃ የተወሰዱ መስለው ይታያሉ፤ የታካሚው ሁኔታ እየተባባሰ ስለ መሄዱ የሚናገረው ቅደም ተከተልም ይጠፋል።

የሙያ ምስጢር

የወረቀት ፎልደርን ማየት የሚቻለው የያዘው ሰው ነበር። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ግን የይለፍ ቃል ላለው ሁሉ ሊከፈት ይችላል። በሥራ ጥድፊያ የአንዲት ነርስን የይለፍ ቃል ለክፍሉ ሁሉ ማዋስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በስሟ የተጻፈ ሁሉ የእርሷ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ የግል መረጃዎች መድቦታል። ሰው በሰው በሚተዋወቅባቸው ከተሞች የጎረቤትን የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ውጤት ያለ ሥራ ጉዳይ መክፈት ታካሚው ዳግመኛ ወደ ጤና ጣቢያው እንዳይመለስ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ከወንበር ሲነሡ መዝገቡን መዝጋት እጅን እንደ መታጠብ ያለ የዘወትር ልማድ መሆን ይገባዋል። የተሳሳተ መረጃም ሳይሰረዝ፣ ያረመው ሰውና ምክንያቱ እየታየ ሊታረም ይገባል።

ማጠቃለያ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1863 በታተመው የሆስፒታሎች ማስታወሻዋ፣ ለንጽጽር የሚበቃ የሆስፒታል መዝገብ ፈልጋ ለማግኘት መቸገሯን ጽፋለች። መዝገብ መያዝ ከነርስነት ሙያ ውጭ የተጨመረ ሸክም ሳይሆን ከሙያው ጋር አብሮ ያደገ ኃላፊነት ነው። የተለወጠው መጻፊያው ብቻ ነው።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነርሶች በሁለት አጻጻፍ፣ በሁለት የዘመን አቆጣጠርና በሁለት የሰዓት አቆጣጠር መካከል ይሠራሉ። ይህንን ልዩነት ለይተው አውቀው የሚያስታርቁት እነርሱ እንጂ ከውጭ የመጣው ሶፍትዌር አይደለም። እንግዲህ የሥልጠናው መመዘኛ አንዲት ነርስ በደቂቃ ስንት ቃል እንደምትተይብ ሳይሆን፣ ከሱሉልታ የተላከች እናት አዲስ አበባ ስትደርስ ተቀባይዋ መዝገቡን አንብባ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደተሰጣትና መቼ እንደተሰጣት ያለ ጥርጥር ማወቅ መቻሏ ነው።